በቴሌቪዥኖቹ ግድግዳ ፊት

አሁን የምነግራችሁ ታሪክ እውነት ነው። «እውነት ነው» ስል ሌላው ሰው እንደሚለው አይደለም፤ ጥሬ፣ ያልተቀባባ፣ ያልተጨመረበት እውነት ነው። አንዲት ቃል ከራሴ ጨምሬ ከተገኘሁ ይቺ የምጽፍባት እጄ ትድረቅ፤ እሷ ካልበቃች ሌላኛዋም ትከተላት። እንዲህ ያለ ፍቅር ከዚያ በፊት አልነበረም፣ ከዚያም ወዲህ አልታየም፤ ወደፊትም የሚታይ አይመስለኝም።

ነገሩ የሆነው ሰማያዊው ቤት ውስጥ ነው። ሰማያዊው ቤት ማለት ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮ፣ ማቀዝቀዣ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ብቻ ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር ሁሉ የሚሸጥበት፣ በየከተማው ቅርንጫፍ የነበረው ድርጅት ነው። ትክክለኛ ስሙን ባለቤቶቹም የረሱት ይመስለኛል፤ በሮቹ ሁሉ ሰማያዊ ስለነበሩ ሕዝቡ እንዲያ ብሎ ጠራው፣ በዚያው ቀረ። በደጉ ዘመኑ ሰው እዚያ ለመግባት ፀጉሩን ተስተካክሎ ነበር የሚመጣው። ሙሽሮች ደጁ ላይ ፎቶ ይነሱ ነበር። በሩ በራሱ ሲከፈት ለማየት ብቻ ከሩቅ ከተማ ተሳፍረው የሚመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አንደኛው ኮፍያቸውን አውልቀው ለበሩ እጅ ሲነሱ ካየ ሰው አፍ ሰምቻለሁ።

ሻጩ የቴሌቪዥን ሪሞት ከእጁ ስለማይለይ ሁሉም «ሪሞት» ይለዋል፤ እናቱ ሳትቀር። ረጅም ነው። ረጅም ስል አምፖል ለመቀየር ወንበር የማይፈልግ ረጅም። ምላሱም ቁመቱን ያህላል። መብራት ላልገባለት ሰፈር ሰው ማቀዝቀዣ ሸጦ ያውቃል፤ ሰውየውም ሊመልሰው አልመጣም፣ ልብስ ማስቀመጫ አደረገው።

ሪሞት የሚቆመው ከሱቁ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በቴሌቪዥኖቹ ግድግዳ ፊት ነው። ያንን ግድግዳ ያላየ ሰው ምንም አላየም። ከወለል እስከ ጣሪያ ቴሌቪዥን በቴሌቪዥን ላይ ተደርድሮ ሁሉም አንድ ሥዕል ያሳያል። ብርሃኑ የማዶውን ሰፈር ዶሮዎች ያለ ሰዓታቸው ያስጮህ ነበር። ድርጅቱ በየቅርንጫፉ አንድ ካሜራ ሰቅሎ ወደ በሩ አዙሮታል፤ ሰው ሲገባ ራሱን በሁሉም ስክሪን ላይ ያያል፣ ይደነግጣል፣ ኮሌታውን ያስተካክላል፣ ከዚያ አንዱን ሳይገዛ አይወጣም።

አንድ ጠዋት በዚያ በር የገባች ልጅ ግን ራሷን ዞር ብላ አላየችም። ቀጥ ብላ ወደ ሪሞት መጣችና አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይቺን የሸጥካት አንተ ነህ?»

«ደህና እየሠራች ከሆነ እኔ ነኝ።»

«እያለቀሰች ነው።»

«ሬዲዮ እኮ ነው እህቴ። ዜናውን ስትሰማ ምን ታድርግ?»

አልሳቀችም። ከቦርሳዋ ካቻቢቴ አወጣችና የሬዲዮዋን ጀርባ መፍታት ጀመረች።

«ኧረ ተይ፣ ጋራንቲው ይበላሻል።»

«ሬዲዮዋ ተበላሽታ ጋራንቲው ደህና ቢሆን ምን ይጠቅመኛል?»

አንዲት ሽቦ በጥፍሯ ጫን አድርጋ መለሰቻት፤ ሬዲዮዋ ልቅሶውን ትታ ዘፈነች። ከጀርባ ቆሞ ሲያይ የነበረው ሥራ አስኪያጅ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ነገ መምጣት ትችያለሽ?» አላት።

«ሌላ ሬዲዮ የለኝም።»

«ለሥራ ነው የምልሽ።»

የጥገናዋ ልጅ የሆነችው እንዲህ ነው። ጠረጴዛዋን ከግድግዳው ትይዩ፣ ጥግ ላይ፣ ከሪሞት ጀርባ አደረጉላት። በዚያው ሰሞን የጠዋት ፀሐይ በመስታወቱ በር እየገባች ካሜራውን ታሳውረው ጀመር። ሪሞት መሰላል ሳይፈልግ እጁን ዘረጋና ካሜራውን ከበሩ ወደ ጥግ አዞረው። «ለጊዜው ነው» አለ። ያ ጊዜ አላለቀም።

እንግዲህ አስቡት። ጀርባውን ሰጥቷት ቀኑን ሙሉ ፊቷን ያያል። ስትበይድ ጭሱን እፍ ስትል ያያል። ብሎን ሲጠፋባት ከንፈሯን ስትነክስ ያያል። እሷ አንዲት ናት፣ ግድግዳው ላይ ግን አገር ታክላለች። እሷም ባለሙያ ናትና ካሜራው ወዴት እንደዞረ ለማወቅ አልቆየችም። አንድ ቀን ሥራዋን አቆመችና ቀና ብላ መስታወቱን፣ የካሜራውን ዓይን ማለቴ ነው፣ ትክ ብላ አየችው። ያኔ ግድግዳው በሙሉ ሪሞትን አየው። ያን ያህል ዓይን ባንድ ጊዜ አይቶት የተረፈ ወንድ በምድር ላይ የለም።

ሪሞት ፈገግ አለ። ግን ፈገግ ያለው ለስክሪኑ ነው። እሷ ያየችው ጀርባውን ነው።

«ጀርባህን ከፊትህ ይልቅ አውቀዋለሁ» አለችው አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ።

«ምኑን?»

«ቀኝ ትከሻህ ዝቅ ይላል። ለደንበኛ ስትዋሽ ደግሞ ከፍ ይላል።»

«እኔ ለደንበኛ አልዋሽም።»

«ይኸው ከፍ አለ።»

ከዚህ ያለፈ ነገር አልተባባሉም። ዝምታቸው ግን፣ ብታምኑኝ፣ የሌላ ሰው ሠርግ ያክል ነበር።

ከዚያ ቤቱ መቀዝቀዝ ጀመረ። እንዲህ ያለ ቤት ተንኮታኩቶ አይወድቅም፤ ሻይ እንደሚቀዘቅዘው ነው፣ ማንም ሳያየው። ሰው መምጣቱን አልተወም፣ መግዛቱን ነው የተወው። ይገባል፣ ይነካካል፣ ሪሞትን ያስለፈልፋል፣ ፎቶ ያነሳል፣ እዚያው ቆሞ በስልኩ ከሌላ ቦታ ያዛል። አንዱ እንዲያውም «ወንድሜ፣ ከሁለቱ የትኛውን ልዘዝ?» ብሎ አማከረው። ሪሞትም መከረው። ጥሩ ምክር ነበር።

በሩ በራሱ መከፈቱን አቆመና ሰው በትከሻው ይገፋው ጀመር። ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣው መኪናም ዕቃ ማራገፉን ትቶ መጫን ጀመረ። መደርደሪያው ሲራቆት ሥራ አስኪያጁ ባዶ ካርቶኖቹ ሁሉ ፊታቸው ወደ ውጭ ሆኖ እንዲደረደሩ አዘዘ።

«ሱቁ ሙሉ ይምሰል» አለ።

«ደንበኛው አውርድልኝ ካለስ ጋሼ?»

«በሁለት እጅህ አውርደው። ትንሽ አቃስት።»

ሪሞት አቃሰተ። በዓለም ላይ ባዶ ካርቶን ተሸክሞ እንደሱ ያቃሰተ የለም፤ ወገቡን የያዘበት ቀን ሁሉ ነበር።

ድንዛዜው የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። ተቀምጠንበት የሚደነዝዝ እግር ቢያንስ መልሶ ይወጋል። የሪሞት ድንዛዜ አይወጋም። ይበላል፣ ምን እንደበላ አያውቅም። ይሰድቡታል፣ «እሺ» ይላል።

«ሱቁ ሲዘጋ ምን ልትሆን ነው ልጄ?» ትለዋለች እናቱ።

«እሸጣለሁ።»

«ምን?»

«እንጃ እማ።»

ከግድግዳውም ቴሌቪዥኖቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ሄዱ። በተነሱበት ቦታ ብሎንና የተንጠለጠለ ሽቦ ይቀራል። የጥገናዋ ልጅም ግድግዳው ላይ እንደዚያው እያነሰች መጣች። ሪሞት በቀሩት ስክሪኖች ላይ ያያት ነበር፤ ደስ አይለው፣ አይከፋው፣ ብቻ ያያል።

ቅርንጫፉ ሊዘጋ ነው የሚል ወረቀት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ማግሥት፣ ከኋላው ድምፅዋን ሰማ። ከንፈሯ ስክሪኑ ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ ከጀርባው ይመጣል።

«አክስቴ ሥራ አግኝታልኛለች። ሌላ ከተማ ነው። የሊፍት ጥገና።»

«ጥሩ ነው።»

«ሱቁ በሚዘጋበት ቀን አመሻሽ ላይ አውቶቡስ አለ።»

«ጥሩ ነው።»

«የሚያስቀረኝ ነገር ካለ እቀራለሁ ብያታለሁ።»

ሪሞት ገባው። ሞኝ አይደለም። አንድ ቃል ቢል ትቀራለች፤ ካላለ የመጨረሻው ቀን የመጨረሻው ነው። ማቀዝቀዣውን የሸጠው ያ ምላስ ግን አፉ ውስጥ እንደ ካርቶን ተኝቷል።

«ሊፍት ጥሩ ነው» አለ። «ወደ ላይ ይወስዳል።»

«ወደ ታችም» አለች።

ይህን ሁሉ ከመውጫው አጠገብ ከተቀመጠችበት የምትሰማ አንዲት ሴት ነበረች፤ ካሸሯ። ዕድሜዋን እዚያች ወንበር ላይ የፈጀች፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላት ሴት ናት። ልጅቷ ለዕቃ ወደ ጓሮ ስትወጣ ጠብቃ ጠራችው።

«አንተ ልጅ፣ ጀርባህ ላይ አፍ የለህም። ዞር በልላት።»

«እዞራለሁ እትዬ።»

«መቼ?»

«በቅርቡ።»

«ሱቁም የሚዘጋው በቅርቡ ነው።»

የመጨረሻው ቀን መጣ። ግድግዳው ላይ የቀረው አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ነው። ካርቶኖቹን እንኳ ሰው ለማገዶ ለምኖ ወስዷቸዋል። አመሻሽ ላይ አንድ አዛውንት በሩን ገፍተው ገቡና ያንን አንዱን እንዲሰጣቸው ጠየቁ። በሰማያዊው ቤት ሕግ ምንም ዕቃ ገዢው ፊት ሳይሞከር አይወጣም፤ ቤቱ ቢፈርስም ሕጉ አልፈረሰም። ሪሞት አበራላቸው።

ስክሪኑ ላይ እሷ ነበረች። ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ፣ ቀጥ ብላ ታየዋለች።

«ሥዕሉ ጥሩ ነው» አሉ አዛውንቱ። «ልጅቷ ግን ለምን አዘነች?»

ሪሞት ሶኬቱን ነቀለ። ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ በኋላ በዚያ ግድግዳ ላይ የሚታይ ነገር አልቀረም፤ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሌላ ቦታም አጣ።

ዞረ።

አዟዟሩን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ምድርም አብራው ትንሽ ዘወር ያለች ይመስለኛል። ያ የደነዘዘው ሁሉ፣ ከእግሩ ጣት እስከ ምላሱ ሥር፣ ባንድ ጊዜ ይወጋው ጀመር። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከሕመሙ ነው ብሎ ቢምል አልፈርድበትም።

«ፊት አለህ ለካ» አለች።

«ያረጀ ነው። ጋራንቲም የለው።»

«ጋራንቲ ኖሮኝ አያውቅም።»

«አትሂጂ።»

ትከሻውን አየች። ከፍ አላለም።

«ድገመው» አለች።

«አትሂጂ። እባክሽ።»

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። እመኑኝ፣ የቦርሳው ድምፅ እስከ ዋናው መሥሪያ ቤት ተሰምቷል። አዛውንቱ እያለቀሱ ቴሌቪዥኑን መርቀው ለሁለቱ ሰጧቸው። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጥቶ፣ ባዶ ሱቅ መሀል፣ ብቻውን ጨፈረ። አውቶቡሱ ያለሷ ሲሄድ ሾፌሩ ለክብሯ ጥሩምባውን ከተማው ጫፍ እስኪደርስ ድረስ ነፋላት። ዛሬ ሁለቱ የጥገና ቤት አላቸው፤ ከባሕር ማዶ ሬዲዮ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ደጃቸው ላይ ተራ ይጠብቃል። ልጆቻቸው በጥርስ ፈንታ ካቻቢቴ ነው ያበቀሉት። ሪሞት እስከ ዛሬ ሲያወራት ፊት ለፊቷ ቆሞ ነው፤ አንድ ጊዜም ጀርባውን አልሰጣትም።

ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ ለካሸሯ ለእትዬ አነበብኩላት። ዛሬ ጡረታ ወጥታ ቤቷ ነው የምትውለው። መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች፣ ሳታቋርጠኝ፣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ጥሩ ጽፈሃል» አለች።

ከዚያ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ካሜራው ግን እሷ ሳትመጣ በፊት ነው ተበላሽቶ የተነሳው። ግድግዳው ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚታየው የዓሣ ፊልም ነበር፤ ያው ዓሣ ሄዶ እየተመለሰ። ልጁ የሚያየው እሱን ነው። እሷ ናት ጀርባውን የምታይ። በመጨረሻው ቀን ቦርሳዋን ይዛ ከኋላው ቆመች። ቆየች። እኔ መሳቢያዬን እየቆለፍኩ ነበር። ከዚያ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ሰማና፣ ሳይዞር፣ ‹ደንበኛ ነበረች እንዴ እትዬ?› አለኝ።»

መነጽሯን ዓይኗ ላይ መለሰችው።

«‹ነበረች። ሄደች› አልኩት።»