ከብርዱ የወጡት አሥራ ሁለት ሣጥኖች

ታናሽየው ሞቶ የተገኘው ከውጭ በተቆለፈ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ በማንጎ ሣጥኖች መካከል ነው። ማንጎ የሚቀመጠው በአሥራ ሦስት ዲግሪ ሆኖ ሳለ መለኪያው ከዜሮ በታች ሃያ ይላል። የክፍሉ ቁልፍ ያለው በሁለት ሰዎች እጅ ብቻ ነው፦ በማሽን ቴክኒሻኑና በዕቃ ቤት ኃላፊው፣ በሟች ታላቅ ወንድም። ፖሊሶቹ ካቴናውን ለቴክኒሻኑ አዘጋጅተዋል። ወንድም በወንድሙ ይጨክናል ብሎ ማን ይጠርጥር?

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ባይ ናት። መጀመሪያ ታላቅየውን ጠየቀችው።

«ወንድምህ ያመጣው ብሎክቼይን የሚሉት ነገር፣ ትሠራበታለህ?»

«እኔ? ሃያ ዓመት በወረቀት ነው የሠራሁት። ያንን የመመዝገቢያ ስልክ ነክቼውም አላውቅ። ሰዉ ግን እሱን ነበር የሚያሞግሰው፤ እናታችንም ጭምር።» ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ቴክኒሻኑ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን የጋራ ስልክ አሳያት።

«ብሎክቼይን የሚሉት ሌላ አይደለም፤ ሣጥኖቹ ላይ ያለው ኮድ የሚመዘገብበት ነው። በዚህ ሲነበብ ከማን እርሻ እንደመጣ ይናገራል። የተመዘገበው ለገበሬውም ለገዢውም ስለሚደርስ ማንም ብቻውን አይሰርዘውም። እኔ ማሽኑን አልነካሁም፤ ይመኑኝ፣ የልጆች አባት ነኝ።»

ወንፊት መዝገቡን እስከ ታች አነበበች። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን የተደረደሩ አሥራ ሁለት ሣጥኖችን ቆጠረች።

በማግስቱ ሁሉንም ቢሮ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እናትየውም መጥተዋል።

«በሞተበት ዕለት፣ ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ሟች ከገዢዎች ጋር ስብሰባ ላይ ነበር» አለች። «በዚያው ሰዓት አንድ ሰው ሁለት መቶውን ሣጥን አንድ በአንድ አንብቦ አሥራ ሁለቱን ብቻ አወጣ። የክፍሉ ሙቀት የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ሰውየው ማንጎው እንደሚበላሽ አስቀድሞ ያውቅ ነበር።» ወደ ቴክኒሻኑ ዞረች። «አንተ ብትሆን የማንን ማንጎ ታድን ነበር?»

«የማንንም» አለ።

«አሥራ ሁለቱም ከአንድ እርሻ ናቸው። ከእናትየው እርሻ።»

ታላቅየው አንገቱን ደፋ።

«ቅናት ነው» አለ። «ገና ከደጅ ስገባ እማዬ ‹ታናሽህስ?› ነበር የምትለኝ። ሥራ አለ ብዬ ጠርቼው ቆለፍኩበት። የእሷን ልፋት ግን ብርድ ሲበላው ማየት አልቻልኩም።»

እናትየው ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

«ያን ቀን መልእክት ደረሰኝ» አሉ ቀስ ብለው። «‹ሣጥኖችዎ ከቀዝቃዛው ክፍል ወጥተዋል› ይላል። ታናሼ አሰበልኝ ብዬ እሱን ስመርቅ አመሸሁ።»

ካቴናው እጁ ላይ ሲገባ ታላቅየው ከእናቱ ፊት ዓይኑን አልነቀለም።

«እኔ ነኝ እኮ ያወጣሁልሽ፣ እማዬ» አለ።