ቃሬዛውን ከኋላ የያዘው

ያላመነ አይመን፤ አልፈርድበትም። በሌላ ሰው ደርሶ ቢነግሩኝ እኔም አላምንም ነበር። ይህ ግን በራሴ የደረሰ ነው።

ጨለማ ነበር እንዳትሉኝ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው... ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት።

የምሠራው ድንጋይ ካባ ውስጥ ነው። ተራራው ተቆርጦ፣ ተቆርጦ፣ አሁን ትልቅ ጉድጓድ ሆኗል። አደጋ ሲደርስ መኪና እታች ድረስ ቶሎ አይገባም። ስለዚህ ጉድጓዱ አፍ ላይ ባለው ክሊኒክ የምትሠራው ሲስተር አንዳንዶቻችንን ሰብስባ ቃሬዛ መሸከም አስተማረችን።

ከእኔ ጋር የሚሸከመው የእህቴ ባል ነው። ሠራተኛው ሁሉ «ራዲዮ» ይለዋል፤ አፉ አይዘጋም። እኔን ደግሞ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «አማቼ» ነው የሚለኝ።

እሱ አጭር ነው። ዳገት ላይ የኋለኛው ሰው እጀታውን ከፍ አድርጎ መያዝ አለበት፤ እና መከራውን ያያል።

«አንተ ፊት ሁን» ስለው፣ «ፊት ሆኜ ከማን ጋር ላውራ? ከኋላ ሆኜ በሽተኛውን ላጫውት እንጂ» ይለኛል።

ሲስተር አንድ ነገር አጥብቃ አስጠንቅቃናለች።

«የፊተኛው መንገዱን ያያል፣ የኋለኛው ቁስለኛውን ያያል። የፊተኛው ከዞረ ቃሬዛው ይጋደላል።»

የዚያን ቀን ናዳ ወረደ።

ድንጋይ የሚዝቀውን እስካቫተር እስከ ግማሹ ዋጠው። ኦፕሬተሩን ከጋቢናው ስናወጣው ወገቡን ተመቷል፤ እግሮቹ አይታዘዙትም። ሌሎቹ ከስር የተቀበረ ሰው ለማውጣት አካፋ ይዘው እዚያው ቀሩ።

«እንዳታጋድሉት!» አለ ፎርማኑ። «ካጋደላችሁት አለቀለት።»

ጭንቅላቱን ወደ እኔ፣ እግሩን ወደ ራዲዮ አድርገን አነሳነው። ፊቱ የሚያየው ራዲዮን ነው።

ዳገቱን ጀመርን።

«አማቼ ቀስ! እኔን ገድለህ እህትህን ለማን ልትድር ነው?» ይላል ከኋላ፣ እያለከለከ። ኦፕሬተሩ በዚያ ስቃዩ ውስጥ ሳቅ አለ።

መንገዱ የሚጠመዘዝበት ቦታ ስንደርስ... ከላይ የድንጋይ መንጓጓት ሰማሁ።

ሁለተኛው ናዳ ነበር።

አቧራው ዓይኔን ጋረደኝ። ቃሬዛው ከኋላ በኩል ቁልቁል ወረደ። ኦፕሬተሩ ጮኸ።

ከዚያ... ቃሬዛው ተመልሶ ተነሳ።

«አለህ?» አልኩ።

ዝም።

«ራዲዮ! አለህ ወይ?»

«አለሁ... ሂድ።»

በሹክሹክታ ነው የመለሰልኝ። ድምፁ የእሱ ነው። ግን ራዲዮ ዕድሜውን ሙሉ በሁለት ቃል መልሶ አያውቅም።

ደንግጦ ነው ብዬ ሄድኩ።

ጥቂት እንደሄድን አንድ ነገር ከነከነኝ። ቃሬዛው ቀጥ ብሏል። ዳገቱ እየባሰ ነው፤ ቃሬዛው ግን እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አጭር ሰው እንዲህ አይዝም።

ደግሞ ማለክለኩ የለም።

ጆሮዬን አቆምኩ። የእኔ ቡት ጠጠሩን ሲፈጭ ይሰማኛል። ከኋላዬ ግን... ምንም።

«ደከመህ? እንረፍ?»

«ሂድ።»

በዚህ መሃል የጃኬቴ ጫፍ ተያዘ። ኦፕሬተሩ ነው። እጁን በአናቱ በኩል ዘርግቶ ጨምድዶ ያዘኝ።

«ወንድሜ...» አለኝ፣ ትንፋሽ በምታክል ድምፅ። «እንዳትዞር።»

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ዝም ብለህ ሂድ... እያየኝ ነው።»

አንገቴ መዞር ይፈልጋል፤ ግን ብዞር ሰውዬው ሽባ ሆኖ መቅረቱ ነው። የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እየቀላቀልኩ ወጣሁ።

ክሊኒኩ በር ላይ ሲስተርና ዘበኛው ቆመዋል። ሲስተር ወደ እኛ ሮጠች፤ ፊቴን አይታ ዘበኛውን ጠራችው። እኔ ገና ሳላጎነብስ የቃሬዛው የኋላ እግር መሬት ነካ። ቀስ ብሎ... ሕፃን እንደሚያስተኙት።

ዞርኩ።

ማንም የለም።

«አብሮህ የነበረው ሰው የት ገባ?» አለች ሲስተር። «ያ ረጅሙ?»

ዘበኛውን በክንዱ ይዤ፣ ሌላ ቃሬዛ አንጠልጥለን ቁልቁል ሮጥን።

ራዲዮ ያው ጠመዝማዛው ጋ ነበር። ወድቆ። አንድ እግሩ ድንጋይ ስር ገብቷል፤ ከንፈሩ በአቧራ ነጭ ሆኗል። አጠገቡ ተንበረከክሁ።

ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

«ደግሞ ምን ብለህ ተነሳህ?» አለኝ።

«ከየት?»

«ከዚህ ነዋ። እስካሁን አጠገቤ ተቀምጠህ የለ እንዴ... ውኃ ስጠኝ ስልህ፣ ‹አለሁ፣ አለሁ› ብቻ ትለኛለህ።»

ዘበኛው ተመለከተኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ኦፕሬተሩ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል። ራዲዮም በሕይወት አለ፤ እግሩ ያነክሳል እንጂ ልጆቹን ያሳድጋል። ስለዚያ ቀን ግን ሁለቱም ትንፍሽ አይሉም። እኔም እስከዚህ ያለውን ለእህቴ ነግሬያታለሁ። የሚቀረውን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ድንጋዩን አንስተን፣ እግሩን አስረን፣ ብርድ ልብስ አልብሰን ቃሬዛው ላይ አደረግነው።

«አሁን ከኋላ የምይዘው እኔ ነኝ» አልኩት ዘበኛውን። ማየት ፈለግሁ። ከዓይኔ ላጣው አልፈለግሁም።

ራዲዮ ዓይኑን ጨፍኗል። ያ አፉ የማይዘጋው ሰው... አንድ ቀልድ ቢቀልድልኝ ምን ነበረበት?

«አማቼ...» አለኝ በመጨረሻ።

«አለሁ» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ምላሴን ነከስኩ።

«እጄን ልቀቀኝ። አሳመምከኝ።»

ሁለቱም እጆቼ እጀታው ላይ ነበሩ።

ቀስ ብዬ ዓይኔን አወረድኩ። የግራ ክንዱ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ወደ ጎን ተዘርግቷል። አልተንጠለጠለም... አየር ላይ ቀጥ ብሏል። ጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ደም አጥተው ነጥተዋል። በዚያ በኩል ከእኛ ጋር የሚሄድ ሰው የለም፤ ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ገደል ብቻ ነው።

እኛ አንድ እርምጃ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ክንዱ ቀስ እያለ ወደ ገደሉ ይሳብ ነበር...