ቁልፉን ወርውሪልኝ

ልጃችሁን በገዛ እጃችሁ አውቶቡስ ላይ አሳፍራችሁ፣ "ለደህንነቷ ነው" ያላችሁ ሰው የራሱን ልጅ ደብቆ ማስቀረቱን ደርሳችሁበት ታውቃላችሁ?

እኔ ደርሼበታለሁ። ተረት ነው የምትሉ እዚሁ ላይ አቁሙ። የተጠራጠረ ልደታ ኮንዶሚኒየም መጥቶ የብሎካችንን እናቶች ይጠይቅ።

ኅዳር 2014 ነበር። ጦርነቱ ወደ አዲስ አበባ እየቀረበ ነው የተባለበት ሰሞን።

የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ በድሉ ቤት ለቤት ዞሩ።

"ልጆቹን ቡታጅራ ዘመዶቼ ጋ እናቆያቸው። የኔም በሱፍቃድ ይሄዳል።"

ያሳመነችን ይህች የመጨረሻዋ ቃላቸው ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ማሂን አሳፈርኳት። ሰባት ዓመቷ ነበር። የአውቶቡሱ መጋረጃዎች ሁሉ ተዘግተዋል።

"በሱፍቃድስ?"

"ውስጥ ነው" አሉኝ።

ማታ ማሂ ደወለች።

"እማ፣ ደህና ነኝ። በልቻለሁ።"

በማግስቱም ያንኑ። በዚያው ድምፅ... በዚያው ትንፋሽ...

ደግሞ ስትደውል ከጀርባዋ የልደታ ማርያም ደወል ተሰማኝ። በስልኩም፣ በመስኮቴም፣ እኩል።

"ማሂ፣ የት ነሽ?"

"እማ፣ ደህና ነኝ። በልቻለሁ።"

የደረጃችን የብረት በር ይቆለፋል። ልጆች ከታች ሲጠሩን ቁልፉን ካልሲ ውስጥ ከተን ከበረንዳ እንወረውርላቸዋለን።

በዚያው ሳምንት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ...

"እማ... ቁልፉን ወርውሪልኝ። መሸብኝ።"

ከበረንዳው ሥር ነው። የማሂ ድምፅ።

ግቢው ባዶ ነበር። ቢሆንም ወረወርኩ።

መሬት ሲያርፍ አልሰማሁም። ወርጄ ፈለግሁ። ቁልፍም ካልሲም የለም።

ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ወደሚኖሩት ወደ ጋሽ በድሉ ሮጥኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከመጋረጃው ሥር ሁለት ትንንሽ እግሮች ይታያሉ። ገለጥኩት።

በሱፍቃድ። ዳቦ እየበላ። ጋሽ በድሉ ከጓዳ ብቅ አሉ።

"ልጅዎ ይኸው! የኛዎቹስ?"

"ቀስ በይ... ይሰማሉ።"

"እነማን?"

ባዶ እጄን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ወረወርሽላት እንዴ?"

ስለ ቁልፍ አንድም ቃል አልተናገርኩም ነበር።

በሩን ዘጉብኝ።

ጦርነቱ አለፈ። አውቶቡሱ አልተመለሰም። ቡታጅራ ድረስ ሄድን፤ ጋሽ በድሉን የሚያውቅ ዘመድ የለም። ለፖሊስ አመለከትን። "በየቀኑ እየደወሉላችሁ ምኑን ጠፉ ትላላችሁ?" ተባልን። ሰውዬው ዛሬም ሰብሳቢ ናቸው። ዛሬም ስለ ቆሻሻ አጣጣል ይገሥጹናል።

የበሱፍቃድ ድምፅ ጎረነነ። የማሂ ድምፅ ግን ዛሬም የሰባት ዓመት ነው።

ልጇ ከማሂ ጋር የሄደባት ጎረቤቴ ነስሪን ባለፈው ሰሞን በሹክሹክታ አናገረችኝ።

"የኔም ከታች ይጠራኛል።"

"ትወረውሪለታለሽ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ? እናት አይደለሁ?"

ትናንት አመሻሽ ላይ የደረጃው በር ተከፈተ።

ብዙ ትንንሽ እግሮች ሽቅብ ወጡ... በነስሪን በር አለፉ... በኔም በር አለፉ። ማሂ እንኳ አልቆመችም።

ከላይ፣ ጋሽ በድሉ በር ላይ፣ ቀጥ አሉ።

ወጣሁ። ማንም የለም። የበሩ እጀታ ላይ ግን በእነዚህ ዓመታት የወረወርናቸው ካልሲዎች ሁሉ ተንጠልጥለዋል። አፋቸው እንደቋጠርነው ነው። ውሃ ያንጠባጥባሉ።

በድሉ፣ አንቱታዬ እዚህ ላይ አበቃ። ያን በር ክፈትና ግቢው መሃል ውረድ። በእናቶቹ ሁሉ ፊት፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ መልስ፦ ልጆቻችንን ለማን ሰጠሃቸው?