በሁለተኛው ንብርብር የተጻፈው

ተርጓሚው የተገኘው ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ነው። ጉሮሮው ላይ የተተከለችውን መተንፈሻ ቱቦ አክታ ደፍኗታል፤ ከአፉ የወረደው ልሃጭ ሸሚዙ ላይ ደርቋል። ክፍሉ ይከረፋል። መርማሪዋ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ የዚህኛው ሽታ ግን ከአፍንጫዋ አልወጣ አላት።

ሕመም ድምፁን፣ እግሮቹንና ቀኝ እጁን ወስዶበት የቀረችው ግራ እጁ ብቻ ነበረች። በእሷ እየጻፈ መጽሐፍ ይተረጉማል፣ ይቀልዳል፣ ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቃል። ለእሱ ተብሎ የተሠራው ኪቦርድ ላይ አንድ ትልቅ ቀይ ቁልፍ አለ፤ ሲጫነው የሚስቱና የታናሽ ወንድሙ ስልክ ይጮኻል። ያን ቀን ግን የማንም ስልክ አልጮኸም። ስክሪኑ ላይ ቁጥርና ምልክት ብቻ ተዝረክርኳል።

«ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነው» አለች ሚስቱ። «ቱቦው ሲዘጋ ቀዩን ይጫናል፤ እኔም ሮጬ መጥቼ አክታውን በመምጠጫው አወጣለታለሁ።»

«መምጠጫው የት ይቀመጣል?»

«እዚሁ፣ አጠገቡ።» ዞር ስትል መሣሪያውን መስኮቱ ሥር አየችው። «እንዴ! ማን ወሰደው እዚያ?»

«ኪቦርዱንስ ማን ያጸዳዋል?»

«እኔ ነኝ። ልሃጭ ስለሚንጠባጠብበት ጠዋት ጠዋት በአልኮል እወለውለዋለሁ። ዛሬም ወለወልኩት።»

ታናሽ ወንድምየው ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ ሳሎን ውስጥ ይጠብቅ ነበር። የዘረጋላት እጅ ያሟልጫል፣ የፀጉር ቅባት ይሸታል፤ መርማሪዋ መዳፏን በመሀረብ ጠረገች።

«ምን ይደረግ፣ እህቴ» አለ ፀጉሩን ወደኋላ እየዳበሰ። «ተገላገለ። እዚህ ቤት ከመጣሁ እንኳ ሳምንት አልፎኛል፤ ሥራ በዛብኝ።»

«የተረጎማቸው መጽሐፎች የሚወጡት በእርስዎ ስም ነው አሉ።»

«ታዲያስ? ድምፅ የሌለው ሰው አሳታሚ ፊት ቀርቦ ምን ይላል?»

ይህን ሲል ፈገግ ብሏል። መርማሪዋ ፊቷን አዞረች።

የተጠራው ኪቦርድ ሠሪ እቃውን አገላብጦ ፈተሸ። «ምንም አልሆነም። ሁለተኛው ንብርብር ላይ ተቆልፎ ነው።»

«ለማያውቅ ሰው አስረዳኝ።»

«አንዱ ቁልፍ ሁለት ሥራ አለው። በመጀመሪያው ንብርብር ፊደል ይጽፋል፤ በሁለተኛው ያው ቁልፍ ቁጥር ወይም ምልክት ይሆናል። ቀዩ ሰው የሚጠራው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። በሁለተኛው ቢደበድቡትም አይሠራም።»

«ራሱ በስህተት ነክቶት ቢሆንስ?»

«አይችልም። የሚቆለፈው የግራና የቀኝ ጥግ ቁልፎች እኩል ሲጫኑ ነው፤ አንድ እጅ ሁለቱ ጋ አይደርስም። በስህተት እንዳይቆለፍበት ሆን ብዬ ነው እንዲህ የሠራሁት። ቁጥር ሲፈልግ ሚስቱ ወይም ወንድሙ ይቀይሩለታል።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ኪቦርዱን አሸተተች። ሁለቱ የጥግ ቁልፎች ወዝ ጠግበው ያብለጨልጫሉ። ሽታውን አወቀችው። ወዙን በጥጥ አንስታ አሸገችና ሦስቱንም ወደ ክፍሉ ጠራች።

«ሟቹ አልተሳሳተም» አለች። «የቆለፈው ሁለት ጤነኛ እጅ ያለው ሰው ነው። ኪቦርዱ ዛሬ ጠዋት ተወልውሏል፤ ጥጎቹ ላይ ግን የፀጉር ቅባት አለ። ሳምንት ሙሉ እዚህ ድርሽ አላልኩም ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ወንድምየው እጁን ከፀጉሩ ላይ አወረደ።

«ነገ አሳታሚው ሊመጣ ነበር» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ። «ሥራው የራሱ እንደሆነ ሊነግረው ቆርጦ ነበር።»

«ለዚህ ነው እንግዲህ። ገዳዩ ኪቦርዱን ቆለፈ፣ መምጠጫውን አራቀ፣ ቱቦው እስኪዘጋ ጠበቀ። ስክሪኑ ላይ ያለው ዝባዝንኬ መስሎት ሳያጠፋው ሄደ። ሟቹ ግን የሚጫነው የለመደውን የፊደል ቁልፍ ነበር።» ወደ ኪቦርድ ሠሪው ዞረች። «ቁለፋውን ፍታና፣ እነዚያን ቁጥሮች ያወጡትን ቁልፎች አንድ በአንድ ድገማቸው።»

ኪቦርድ ሠሪው እያየ መጫን ጀመረ። ከዝብርቅርቁ ሥር ፊደል በፊደል አንድ መስመር ወጣ፦

«ወንድሜ ቁጭ ብሎ ያየኛል»

«አልነካሁትም እኮ!» አለ ወንድምየው። «በጣቴ እንኳ አልነካሁትም!»

«ቀዩን ሲጫን አየኸው?» አለችው ሚስቱ።

«አየሁት። ደጋግሞ ተጫነው። ያቆማል ብዬ…»

አላስጨረሰችውም። አፏን በመዳፏ አፍና ወደ መስኮቱ ሮጠችና አንገቷን አውጥታ አስታወከች። ወንድምየውን ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ዞራ አላየችውም። አፏን ጠርጋ መርማሪዋን እንዲህ አለቻት፦

«አሳታሚው ነገ እንዳይቀር ንገሪልኝ። መጽሐፎቹን ማን እንደተረጎማቸው እኔ እነግረዋለሁ።»