በሁለት «ሀ» መካከል

ጋሼ ዝርዝር ሞተው የተገኙት ሐሙስ ጠዋት ከአራት ሰዓት አለፍ ሲል፣ በአሳንሰር ፋብሪካው መሞከሪያ ጉድጓድ ውስጥ ነው። የወደቁት ከሦስተኛ ፎቅ ነበር። ከእጃቸው የማይለየው የወረቀት ሰሌዳ ከሬሳው አጠገብ ተጋድሟል፤ በወረቀቱ ላይ ከተዘረዘሩት መስመሮች አሥራ ስድስቱ ምልክት ተደርጎባቸዋል። አሥራ ሰባተኛው «የሦስተኛ ፎቅ በር፣ መቆለፊያ» ይላል። ከጎኑ ምንም የለም።

መርማሪዋ የተጠራችው በማግስቱ ዓርብ ነው፣ እሱም ለፊርማ ያህል። የጣቢያው ሳጅን ጉዳዩን ዘግቶ ጠበቃት። እሷን ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ይሏታል፤ እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች ለማለት ነው። ሲያሟት ታውቃለች፤ ግን አይከፋትም።

«አልቋል እኮ ኢንስፔክተር» አላት ሳጅኑ ደረጃውን ሲወጡ። «መቆለፊያውን የገጠመው የሟቹ የእህት ልጅ ነው። በስልክ የታዘዘውን አጣሞ ሰማ፣ የማይሆነውን ገጠመ፣ ሰውየው ሞቱ። በቸልተኝነት ሰው መግደል ይባላል። እሱም አልካደም።»

«አልካደም?»

«እንዲያውም እሰሩኝ እያለ ነው።»

«እሰሩኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ እጄ ለፊርማ ይከብደኛል» አለች፣ የታመመ ጉልበቷን እያሸች።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በበሩ ፊት የፖሊስ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ወዲያ ጨለማ ነው። ከጨለማው ውስጥ ቅባትና ብረት የሚሸት ቀዝቃዛ ነፋስ ይወጣል። የሆነ የላላ ነገር ከግድግዳው ጋር ይጋጫል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጋጫል። መርማሪዋ ወደ ታች አየችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ፈርታለች።

«እዚህ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«መጽሐፍ ሊጽፉ» አለ ሳጅኑ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁሉን በመዘርዘራቸው ይህን ስም ያገኙት አንጋፋ ተቆጣጣሪ፣ ጋሼ ዝርዝር፣ አራት ወር ሙሉ የውቅር አስተዳደር የአሠራር መመሪያ ሲያቅዱ ነበር። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በየትኛው አሳንሰር ውስጥ የትኛው ዕቃ እንደገባ፣ በየትኛው ንድፍ እንደተሠራ፣ ማን እንደፈቀደ፣ ሲለወጥም ማን እንደለወጠው አንድ ሳይቀር ተጽፎ ይያዝ ነው። ሽማግሌው ደግሞ ያላዩትን አይጽፉም። እያንዳንዱን መቆለፊያ ራሳቸው በትከሻቸው ገፍተው ይሞክራሉ። የት፣ መቼ እንደሚሞክሩም መርሐ ግብራቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የሦስተኛ ፎቅ በር የሐሙስ አራት ሰዓት ተራ ነበር፤ ይህን ያላነበበ ሠራተኛ የለም።

ቴክኒሻኑን ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ አጭር፣ ደንዳና ሰው ነው፤ ጓደኞቹ «ቡሎን» ይሉታል። ከሞተር ክፍል ወደ መቆለፊያ ክፍል ከተዛወረ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው።

«አጎቴን በጆሮዬ ገደልኩት» አላት፣ ሳትጠይቀው።

«ቀስ ብለህ ንገረኝ። ማን ደወለልህ?»

«ዋና መሐንዲሱ፣ ረቡዕ ከሰዓት። የመሞከሪያውን መቆለፊያ ፈትተህ በቅጂ ሀ ግጠመው፣ ንድፉ የመሣሪያ ሣጥንህ ውስጥ አለልህ አለኝ።»

በዚህ ፋብሪካ አንድ ንድፍ በተሻሻለ ቁጥር አንድ ፊደል ወደ ፊት ይሄዳል። የመጀመሪያው ሀ ነው፣ ሁለተኛው ለ፣ ሦስተኛው ሐ። በወረቀት ላይ ችግር የለውም። በስልክ ሲነገር ግን ሀ እና ሐ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ስለዚህ ትልልቁ ሰው ሁሉ እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ «ሃሌታው» ወይም «ሐመሩ» እያለ መለየት ለምዷል። የዚህ መቆለፊያ ቅጂ ሀ ጉድለት ያለበት ነው፤ አሳንሰሩ ሌላ ፎቅ ላይ እያለም በሩን ይለቃል። ከሁለት ዓመት በፊት የተሻረው በዚህ ምክንያት ነው።

«ሃሌታው ነው ሐመሩ ብለህ አልጠየቅኸውም?»

«ጠይቄዋለሁ። ‹ሃሌታው› ያለኝ መስሎኛል። እሱ ደግሞ ‹ሐመሩ ነው ያልኩህ› ብሎ ይምላል። ብረት መቁረጫው አጠገቤ ይጮህ ነበር። አሁንማ እኔም አላውቀውም፣ እትዬ። ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን በጆሮዬ ስመልሰው አንዴ ሃሌታው ይሆናል፣ አንዴ ሐመሩ።»

«ሣጥንህ ውስጥ ያገኘኸውስ?»

«የሃሌታው ንድፍ። የተሻረ የሚል ማኅተም የለበትም።»

ሌላ ሣጥን ገልብጣ አጠገቡ ተቀመጠች። የሚያንገበግበው ሌላ ነገር እንዳለ ገብቷታል።

«እናትና አባቴ ሲሞቱ አምስት ዓመቴ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ያሳደገችኝ የአጎቴ ሚስት ናት። ትናንት ለልቅሶ ብሄድ ከደጅ መለሰችኝ። ‹ያጎረስኩት ልጅ ነው ባሌን የገደለው፤ ዓይንህን አላይም› አለችኝ። እስር ቤቱ አያስፈራኝም። ወዴት እንደምገባ ግን አላውቅም።»

መርማሪዋ ንድፉን ተቀብላው ወጣች። በኮሪደሩ መስኮት ብርሃን ላይ ከግምጃ ቤቱ ካነሣችው ሌላ ንድፍ ጋር ደርባ አየችው። በላይ በኩል ሁለት ጣት ያህል ያጥራል፤ ጠርዙም በስለት የተቆረጠ ነው።

መዝገብ ቤቱን የምትጠብቀው ሴት ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ ሥራዋን ግን አላቋረጠችም።

«የተሻረ ንድፍ ላይ ማኅተሙ የት ነው የሚያርፈው?»

«ከላይ፣ ጠርዙ ላይ። ከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል።»

«ቁልፉ?»

«ሦስት ነው። አንዱ የጋሼ፣ እሱ ኪሳቸው ውስጥ ተገኝቷል። አንዱ የእኔ። አንዱ የዋና መሐንዲሱ።» የራሷን እያሳየቻት «እኔን ከጠረጠሩኝ አይፈረድብዎትም» አለች።

«እጠረጥርሻለሁ» አለች መርማሪዋ፣ ያለ ክፋት። «ጋሼ ዝርዝር ከማን ጋር ተጣልተው ነበር?»

«ከወርክሾፕ ኃላፊው ጋር ማክሰኞ ተጯጯሁ። ‹ይሄ መጽሐፍ አንዳችንን ይቀብራል› ብሎ ጮኸባቸው።»

የወርክሾፕ ኃላፊው ከማሽን ጋር ሲሟገት የኖረ ሰው ነውና በሹክሹክታ ማውራት አያውቅም። «ብያለሁ!» አለ፣ ግድግዳው እስኪነዝር። «አፌ ነው የሚያሳስረኝ፤ ሚስቴም ሁልጊዜ ትለኛለች። ግን ይፍረዱኝ! ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁበትን ፊደል ሰው ሲሰርዝብኝ ዝም ልበል? ሐመሩን ሐ፣ ንጉሡን ሠ፣ ዓይኑን ዐ፣ ሁሉንም ይውጣልኝ አሉ። መንታ ድምፅ ያለው ፊደል ለቅጂ አይሆንም አሉ። ‹ጋሼ፣ አስተማሪዬ ይህን ቢሰማ ከመቃብር ይነሣል› አልኳቸው።»

«ተሰረዘ?»

«ጥያቄ አለው? ሽማግሌው ያሉት መቼ ይቀራል!»

መርማሪዋ ወደ መዝገብ ቤት ተመለሰች፤ የመቆለፊያው ንድፎች ያሉበትን መሳቢያ አስከፍታ ብዙ ቆየችበት። ከዚያም ሌላ ወረቀት ጠየቀች፤ ጋሼ ዝርዝር የትኛው ንድፍ በየትኛው ሕንፃ እንደተገጠመ የዘረዘሩበትን ሠንጠረዥ። ካነበበችው በኋላ ፊቷ ጠቆረ።

ዋና መሐንዲሱ በንጹሕ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ተቀበላት። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነው።

«ልጁ ያሳዝነኛል» አለ። «ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሐመሩ ብዬዋለሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እንዴት አልሆን? ንድፉን ከመሳቢያው አውጥቼ፣ እዚህ ዘርግቼ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ሐ በዓይኔ እያየሁ ነው የደወልኩለት። ከዚያ ወደ ቦታው መለስኩት። ሣጥኑ ውስጥ ያስቀመጥኩት ነገር የለም። ሃሌታውን ከየት እንዳመጣው እሱን ይጠይቁት።»

«በዓይንዎ እያዩ» አለችና ጻፈችው። «ረቡዕ ከሰዓት?»

«ረቡዕ ከሰዓት።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም በስብሰባው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። የሟቹንም ሚስት አስመጥታለች፤ አሮጊቷ ጥቁር ለብሰው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ቡሎን በዚያኛው ጥግ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። አሮጊቷ ወደ እሱ አልዞሩም። ከኮሪደሩ ማዶ የጉድጓዱ ብረት ይጋጫል፣ ዝም ይላል።

«ሳጅን፣ ይህ ሰው በጆሮው ስህተት ሰው ገደለ ብለኸኝ ነበር» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ስህተት መቀስ አይዝም። ይኸው፤ ከሣጥኑ የተገኘው ንድፍ ላዩ ተቆርጧል። የተቆረጠው ‹የተሻረ› የሚለው ማኅተም ያረፈበት ጠርዝ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የተሻረውን ንድፍ ከተቆለፈ ቁም ሣጥን አወጣ፣ ማኅተሙን ቆረጠ፣ ለማያውቅ ሰው አቀረበ። ቡሎን ቁልፍ የለውም። የወርክሾፕ ኃላፊውም አፍ እንጂ ቁልፍ የለውም።»

የወርክሾፕ ኃላፊው «ይኸው ነው!» ብሎ ጮኸ።

«የቀሩት ሁለት ናቸው። መዝገብ ጠባቂዋና ዋና መሐንዲሱ።»

«ነገሩ ተደበላለቀብዎ» አለ መሐንዲሱ በትሕትና። «እኔ ያዘዝኩት ሐመሩን ነው፤ ከላዩም አንብቤ።»

«እሱን ነው የምፈልገው። እታለም፣ የሦስተኛውን ቅጂ ንድፍ አውጪልኝ።»

መዝገብ ጠባቂዋ ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በጥጉ ላይ አንድ ፊደል በቀይ ተሰርዟል፤ በላዩ ደግሞ ሌላ ፊደል በወፍራሙ ተጽፏል።

«አንብቢው።»

«መ» አለች መዝገብ ጠባቂዋ። «ማክሰኞ ከጋሼ ጋር ስንቀይር ዋልን። መንታ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ሁሉ ወጡ፤ ከሀና ከለ ቀጥሎ መ ሆነ። ሐ የሚል ንድፍ ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ በዚህ ቤት የለም።»

መርማሪዋ ወደ መሐንዲሱ ዞረች።

«ረቡዕ ይህን ንድፍ በዓይንዎ ቢያዩት ኖሮ ያነቡለት የነበረው ‹መ› ነው። ‹መ› ደግሞ በመቁረጫ ጩኸትም ቢሆን ‹ሀ› ተብሎ አይሰማም። እርስዎ ግን ንድፉን አላወጡትም፤ ማውጣትም አላስፈለገዎትም። ያወጡት የተሻረውን ነው። ለቴክኒሻኑ ሃሌታውን አዘዙ፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ‹ሐመሩ ብዬው ነበር› ለማለት አሰቡ። ሁለት ፊደል አንድ ድምፅ፤ ማን ይመሰክራል? የሚያምር ዕቅድ ነው። የተሳሳቱት አንድ ነገር ብቻ ነው።»

«ለውጡን ማንም አልነገረኝም!» አለ መሐንዲሱ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ።

«ነግረውዎታል። የዕቅዱ ገጽ አራት ይኸው፦ ‹ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ለቅጂ ምልክት አይውሉም።› ከሥሩ ያለው ፊርማ የማን ነው?»

መሐንዲሱ የራሱን ፊርማ እንደ እንግዳ ሰው አየው።

«ሳያነቡ ነው የፈረሙት» አለች። «ይህን መጽሐፍ በጣም ፈርተውት ነበር፤ የፈሩት ግን ሠንጠረዡን ብቻ ነው። ለምን እንደፈሩትም ጋሼ ዝርዝር ጽፈውልናል።» ሁለተኛውን ወረቀት አነሣች። «ባለፈው ዓመት በአንድ ሕንፃ ውስጥ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እንደዚሁ በር ከፍታ ወደቀች። ስህተቱ የቴክኒሻኑ ነው ተባለ፤ ሰውየውም ተባረረ። ጋሼ ዝርዝር ሠንጠረዡን ሲሞሉ ግን የማዘዣውን ወረቀት አገኙት። ቅጂ ሀ፣ ከተሻረ ከዓመት በኋላ፣ በእርስዎ እጅ ጽሑፍ የታዘዘ። በጎኑ በጋሼ እጅ፣ በእርሳስ ‹እስከ ቅዳሜ ራሱ ይናገር› የሚል አለ። ነገ ቅዳሜ ነው።»

መሐንዲሱ ለጠረጴዛው የሚያወራ ይመስል «በስህተት ነበር ያኔ» አለ። «የያኔው በስህተት ነበር። ለምኛቸው ነበር እኮ። ‹እኔ ምን ላድርግህ ልጄ፣ ሠንጠረዡ ባዶ መስመር አይወድም› አሉኝ።»

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። ሁለቱ ሲወጡ መዝገብ ጠባቂዋ ግድግዳው ላይ ተደግፋ አለቀሰች፤ የወርክሾፕ ኃላፊውም ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

ቡሎን ግን ከጥጉ አልተነቃነቀም። የተባለው ሁሉ የደረሰው አይመስልም።

«እትዬ» አለ። «እንግዲያ እኔን... ምንድን ነው ያለኝ?»

«ሃሌታው ነው ያለህ። ጠየቅኸው፣ መለሰልህ፣ በደንብ ሰማኸው። ጆሮህ አልዋሸህም።»

ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ። ከትናንት ጀምሮ ያላወጣው ለቅሶ አሁን መጣ፤ ትልቅ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ ማየት ይከብዳል።

አሮጊቷ ከበሩ አጠገብ ተነሡ። የሚወጡ መስሏት መርማሪዋ መንገድ ለቀቀችላቸው። እሳቸው ግን አዳራሹን ቀስ ብለው አቋርጠው አጠገቡ ሲደርሱ ቆሙ።

«ተነሥ» አሉት። «ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ልጁ የት ሄደ እያሉ ይጠይቁኛል። የምመልሰው አጥቼ ዋልኩ።»

ቀና ብሎ አያቸው፤ መነሣት ግን አልቻለም። አሮጊቷ ዝቅ ብለው ክንዱን ያዙት።

«ተነሥ እንጂ ልጄ» አሉ። «አባትህን ብቻዬን ነው የምቀብረው?»