ጭውውት የሌለው ፖከር

ሴትዮዋ ስልኳን ባንኮኒው ላይ አኖረች።

«ወንድሜ፣ እየሞቀ አስቸገረኝ።»

«ቁጭ በይ፣ ልየው።»

ባለሱቁ ከስምንት ወር ወዲህ በዚህች ጠባብ ሱቅ ስልክ ይጠግናል። አለቆቹ የሚያውቁት «ጠጋኝ» በሚል የምስጢር ስም ነው። እሷ «ድንቢጥ» ናት፤ የጠላት ደኅንነት መዝገብ ቤት ሠራተኛ። ጫማዋ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ። ከነጠጋኝ ወገን ምስጢር የሚሸጠውን ሰው ስም ይዟል፤ በቁጥር ስለተጻፈ ግን የሚፈታው ድንበር ማዶ ነው። እዚያ ሳትደርስ ከተያዘች በሕይወት አትተርፍም።

ዛሬ ከአገር ትወጣለች። የእሷ ጥሪም መልእክትም ስለሚጠለፍ፣ ደርሳ እንደሆነ የምታሳውቀው በፖከር ነው። ሺህ ቁማርተኛ መሀል ሁለት ሰው ማን ያያል?

የቀረው የፖከር አፑን መምረጥ ነው። ጠጋኝ ሦስት ሞክሯል። አንዱ ወንበር ሲጎድል በማሽን ይሞላል፤ ከሰው ይጫወቱ ከማሽን አይታወቅም። ሌላው በይለፍ ቃል የሚዘጋ ጠረጴዛ አለው፤ ጭውውት የለውም፣ በደካማ ኔትወርክም ይሠራል። በእሱ ከድንቢጥ ጋር አራት ቀን ተጫውተዋል፣ እሷ ቤቷ፣ እሱ ክፍሉ ሆነው። ጥሩ ካርታ ሲደርሳት ትንሽ ነው የምታስይዘው፤ ፈሪ ናት። በስምንት ወር ውስጥ በደንብ ያወቀው ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ነበረች።

ሦስተኛው የአለቃው ምርጫ ነው። አለቃውን «አጎት» ይሉታል።

የጠጋኝ ስልክ ነዘረ። አጎት ነው። «የኔን ጫንላት። ምን አዘገየህ?»

ከጠዋት ጀምሮ ሦስተኛ ጊዜው ነው።

ጠጋኝ አሮጌ ስልኩ ላይ ያንን አፕ ከፈተና ፈቃዶቹን አየ። ያሉበትን ቦታ ሁልጊዜ ይከታተላል። አፑን የጫነው ማክሰኞ ነበር። ግራጫ ጃኬት የለበሰው ሰውዬ ሱቁ ፊት ለፊት መቆም የጀመረው ረቡዕ። ሱቁ የት እንደሆነ ደግሞ አጎት እንኳ አያውቅም፤ የሥራው ሕግ ነው። ቦታውን የሚያውቀው አፑ ብቻ ነው።

ክው አለ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። አሥራ አንድ ዓመት አጎት ብሎ የጠራው ሰው ነው።

«ምነው?» አለች ድንቢጥ በቀስታ።

«ምንም። የሻጩን ስም አወቅሁት።»

በአሮጌው ስልክ፣ በአጎት አፕ ላይ፣ «ድንቢጥ» ብሎ ተመዘገበ። ለአጎት ጻፈ፦ «ተጭኗል።» የእሷን ስልክ የአጎትን አፕ ሳይጭንበት መለሰላት።

«በጓሮ ውጪ። ከተሻገርሽ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በእኛ ጠረጴዛ ሦስት ጊዜ ካርታሽን ሳታዪ ጣዪ። ከዚያ አፑን አጥፊ።»

«አንተስ?»

«እኔ ሱቅ እዘጋለሁ።»

ድንቢጥ በጓሮ ወጣች። በፊት ለፊቱ በር ላይ ፍራሽ የጫነ መኪና ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ጠጋኝ አሮጌውን ስልክ ከሸራው ሥር ወሸቀ። መኪናው ሄደ። ባለ ግራጫው ስልኩን አየ። ቀና አለ።

ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

ከዚያ ሰውዬው ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ መኪናውን ተከተለ።

ጠጋኝ መፍቻዎቹን እንኳ አልሰበሰበም። መልኩ ታውቋል፤ በዚህ ከተማ፣ በዚህ ስም፣ ከእንግዲህ እንጀራ የለውም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውቶቡስ ውስጥ ነበር። ጠረጴዛውን ከፈተ።

የድንቢጥ ወንበር ባዶ ነው።

አምስት ደቂቃ። አሥር።

ገባች።

ጣለች። ጣለች። ጣለች።

ተሻግራለች። አጎት አለቀለት።

ሕጉ ወዲያው ውጡ ይላል። እሱ አልወጣም። እሷም አልወጣችም። ካርታ ታደለ፤ ትንሽ አስያዘች። ጥሩ ካርታ እንደያዘች አውቆ ያለውን ሁሉ አስያዘላት። በላችው። ደስ አለው።

ከዚያ ወንበሯ ባዶ ሆነ። እሱም አፑን አጠፋ፣ ሆዱ ባሰው። የት እንደምታድር፣ በልታ እንደሆነ፣ መቼም አያውቅም። ጭውውት የሌለውን የመረጠው እሱ ራሱ ነው።

አንድ ሽማግሌ ጎኑ መጥተው ቆሙ።

«ልጄ፣ ሰው አለው?»

«የለውም፣ አባቴ። ይቀመጡ።»

«ማን ልበል?»

አንድ ስም ነገራቸው። አዲስ ስም ነበር።