በልጅ የተገኘ ቤት

«አክስቴ፣ ደህና ገባሽ?» አለች ወለተ ሐና፣ ከአውቶብሱ የወረደችውን እናቷን ጉንጯን እየሳመች።

ይርጋነሽ መልሳ ሳመቻትና ወደ አውቶብሱ ጣሪያ ቀና ብላ፣ ያመጣችውን ሁለት ፍራሽ ሲያወርድ እንዳይቀድባት ረዳቱን አስጠነቀቀች። ሞጣ ላይ «እማዬ» ከተባለች ሁለት ዓመት አለፋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይርጋነሽ ቢቸና ላይ ርካሽ መኝታ ቤት አላት። በአንድ ክፍል ስድስት አልጋ ደርድራ፣ መምህሩንም ነጋዴውንም ለፍርድ ቤት ቀጠሮ የመጣውንም ጎን ለጎን ታስተኛለች። ቤቱ እየሞላ ሰው ከደጅ ሲመለስባት ሞጣም ልክፈት አለች። ጊዜው ግን የደርግ ነው፤ ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ፈቃድ አይሰጥም። ስለዚህ የሞጣውን በቀድሞ ሠራተኛዋ በባንቺዓለም ስም አወጣችው። ቀበሌው ደግሞ ቤት የማከራየው በቅድሚያ ልጅ ላላት ነው አለ። ባንቺዓለም ልጅ ስለሌላት ወለተ ሐና ልጇ ተብላ ተመዘገበች፣ ሞጣም አብራት ተቀመጠች፤ እናቷም አክስት ሆነች። ቢታወቅ ቤቱ ይወሰዳል።

ከወለተ ሐና ጋር ፍራሹን ልትቀበል የመጣችው ጓደኛዋ ሳብሪያ እንኳ የምታውቀው ይህንኑ ነው። «እናትሽን ትተሽ አክስትሽን መሰልሽ» እያለች ትቀልድባታለች። «ይሄን አፍንጫ ተበድረሽ ነው?»

ይርጋነሽ ሳብሪያን ውኃ እንድታመጣላት ላከቻትና ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። የምትቆየው አውቶብሱ የመልስ ተሳፋሪ እስኪሞላ ነው። የመጣችበትን በአጭሩ ተናገረች። መርጡለ ማርያም ላይ ሦስተኛ ቤት አግኝታለች። ፈቃዱ በአንዲት መበለት ስም ይወጣል፤ መበለቷም ልጅ የላትም። ወለተ ሐና የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን እንደጨረሰች ወደዚያ ትሄዳለች።

«እሷንም እማዬ ልላት?»

«አፍ ላይ የሚቀር ነገር ነው። ምን ይጎዳሻል?»

ባለፈው ክረምት ወለተ ሐናን ትኩሳት ይዟት ነበር። «እማዬ» ብላ ስትጣራ ሮጣ የመጣችው ባንቺዓለም ናት። እናቷ እዚያው እግርጌዋ ቆማ ነበር፤ ክፍሉ እንግዳ ስለሞላበት አልተንቀሳቀሰችም።

«አልሄድም» አለች ወለተ ሐና። «የሞጣውን እችለዋለሁ። ሌላ እናት ግን አልጨምርም።»

«ያላንቺ ቤቱን አይሰጡንም።»

«ይቅራ።»

ይርጋነሽ በሕይወቷ ብዙ ሰው እምቢ ብላለች፤ እምቢ የሚላት ግን አልለመደችም። ልጅቷ ላይ አፈጠጠች። ግትርነቱን ከማን እንደወሰደችው ስለምታውቅ ግን አልተከራከረችም። ሹፌሩ ክላክስ ሲነፋ ተነስታ ገባችና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች።

«ፈተናሽን ጨርሺና ቢቸና ነይ» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እዚያ እንደፈለግሽ ትጠሪኛለሽ።»

ሳብሪያ ውኃውን ይዛ ደረሰች። ይርጋነሽ ጠጥታ ጣሳውን በመስኮቱ መለሰችና ልጇን አየቻት፤ የሁልጊዜውን ስንብት እየጠበቀች።

«ደህና ግቢ» አለች ወለተ ሐና።

አውቶብሱ አቧራውን ትቶላቸው ሄደ።

«ዛሬ አክስቴ አላልሻትም» አለች ሳብሪያ።

«አላልኳትም።» ወለተ ሐና ጎንበስ ብላ የፍራሹን አንድ ጫፍ ያዘች። «በዚያ በኩል አንሺልኝ። መንገድ ላይ እነግርሻለሁ።»